ስልኩ ሲጠራ የሚጠፋው ኢንተርኔት፦ የአንድ የደሴ ቤት የስልክ ሽቦ ጉዳይ

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ስር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ያለ ቤት ነው። 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ተብሎ የተገዛው ኢንተርኔት ሳሎን ውስጥ ሲለካ 2.5 ገደማ ይሰጣል። ዝናብ ሲጥል ከዚያም ይወርዳል። የቤት ስልኩ ከጠራ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ቤተሰቡ ለወራት ጥፋቱን የፈለገው ከግቢው ውጭ ነበር። ጥፋቱ ግን እዚያው ኮርኒስ ውስጥ፣ ጣሪያው ጠርዝ ስር እና አንድ የተዘጋ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነበር።

ጉዳዩን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ብዙ ቤት ስለማይ ነው። ባለቤቶቹ እንድጽፈው ፈቅደዋል። ስማቸውና ሰፈራቸው ይቅር።

ቤቱ እና ሽቦው

የፊት ለፊቱ ክፍል አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ከኋላው በብሎኬት የተሠሩ ሁለት መኝታ ቤቶች ተቀጥለዋል። ጓሮ ሰርቪስ አለ። በሩ ላይ ደግሞ ቀድሞ ሸቀጣ ሸቀጥ ይሸጥበት የነበረ ትንሽ ሱቅ አለ።

ስልክ የገባው የቤት ስልክ ማስገባት ወረፋ በሚያስጠብቅበት ዘመን ነው። ያኔ አንድ ሶኬት ብቻ፣ ሳሎን ውስጥ ነበር። ቆይቶ አባወራው ማታ ስልክ ሲጠራ ከአልጋ መነሳት ሰለቻቸውና መኝታ ቤት ሌላ ሶኬት ተደረገ። ሱቁ ሲከፈት ወደ ሱቁ ተዘረጋ። ሰርቪሱ ሲከራይም እንዲሁ። እያንዳንዱን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ሁሉም የቀጠለው ከሚቀርበው ቦታ ነው። በእጅ የያዘውን ገመድ ተጠቅሟል፤ አንዱ እንዲያውም የበር ደወል ሽቦ ነው ያስገባው። ሱቁ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ስልኩ ተነስቷል፣ ገመዱ ግን እንደተዘረጋ ቀርቷል።

በዚያው የስልክ ሽቦ የሚመጣ ብሮድባንድ ኢንተርኔት ሲገባ ሞደሙ ሳሎን ተተከለ። ምክንያቱ ቴሌቪዥኑ እዚያ መሆኑ ነው። ስልኩና ኢንተርኔቱ እንዳይረባበሹ የሚለያይ አንድ ፊልተር ተሰጣቸው፤ የሳሎኑ ስልክ ላይ ተሰካ። ያኔ የገዙት ፍጥነት ትንሽ ስለነበር ችግር አልታየም። ሽቦው ያበላሽ የነበረውን ማንም አይፈልገውም ነበራ!

ችግሩ ሲገለጥ

ትልቋ ልጅ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከቤቷ ሆና የሒሳብ ሥራ መሥራት ጀመረች። የቪዲዮ ስብሰባ መጣ። ትልልቅ ፋይል መላክ መጣ። ወደ 10 ሜጋ አሳደጉ። የወር ክፍያው ጨመረ፣ ኢንተርኔቱ ግን እዚያው ነው። "ድምፅሽ ይቆራረጣል" ሲሏት ላፕቶፗን ይዛ ፒያሳ ካፌ መሄድ ልማድ ሆነባት።

አባቷ "የኛ ሰፈር መስመር ድሮም እንዲህ ነው" ብለው ተቀብለውት ነበር። ጎረቤቱም "አብሽሩ፣ አንድ ቀን ይስተካከላል" ይላል። የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ፍንጭ የመጣው ከእናትየው ነው። ስለ ኢንተርኔት ምንም አላውቅም የሚሉት እሳቸው፣ "እኔ እንጃ ልጄ፣ የሚጠፋው እኮ ስልኩ ሲጠራ ነው" አሉ። ይህን ሲሉ የሰማቸው አልነበረም ወይም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ለእኔ ግን ግማሽ መልስ ነበር።

ቀድሞ የተሞከረው

አዲስ ራውተር ተገዛ። ባለ አራት አንቴና ነው፣ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ለውጥ የለም። ከዚያ የዋይፋይ ማጉያ ተጨመረ። ስልኮች ላይ ምልክቱ ሙሉ ሆነ፣ ገጹ ግን አሁንም እየተጎተተ ነው የሚከፈተው። ማጉያው ያጎላው የደከመውን ነገር ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ከእንግሊዝ የተሠራ ቪዲዮ አይቶ የሶኬቱን ክዳን ፈታ። ቪዲዮው "ሦስተኛውን ሽቦ ቁረጥ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል" ይላል። ምክሩ ለሀገሩ ትክክል ነው። በእንግሊዝ ቤቶች ዋናው ሶኬት ውስጥ 1.8 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። ከእሱ የሚነሳ ሦስተኛ ሽቦ ለደወሉ ብቻ ወደ ሌሎቹ ሶኬቶች ይሄዳል። ያ ሽቦ ጥንድ ስለሌለው እንደ አንቴና ረብሻ ይለቅማል። እኛ ጋ ስልክ የሚሠራው በሁለት ሽቦ ነው። ልጁ የቆረጣቸው ቢጫና ጥቁር ሽቦዎች መጀመሪያውኑ ከምንም ጋር አልተገናኙም ነበር። ጉዳት አላደረሰም፣ ጥቅምም አላገኘም።

በመጨረሻ ለአገልግሎት ሰጪው አመለከቱ። ቴክኒሻኑ መጥቶ ገመዱን ከቤቱ ነጥሎ ለካ፣ "እስከ ቤቱ ድረስ ያለው ደህና ነው" ብሎ ሄደ። አባወራው ተቀየሙ። ሰውየው ግን እውነቱን ነበር የተናገረው። የጎደለው "ከቤቱ በኋላ ያለውን አስፈትሹ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ልኬቱ

መጀመሪያ ዋይፋዩን ከጨዋታው አወጣሁት። ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰካን። ፍጥነቱ ያው 2.5 ነው። ስለዚህ ግድግዳም፣ ርቀትም፣ የጎረቤት ዋይፋይም አይደለም።

ቀጥሎ በብራውዘር የሞደሙን ገጽ ከፈትን። አብዛኛው ሞደም 192.168.1.1 ሲጻፍ ይከፈታል። እዚያ የመስመር ሁኔታ የሚል ክፍል አለ። ሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ ሞደሙ ከስልክ ጣቢያው ጋር የተስማማበት ፍጥነት፣ ምልክቱ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ፣ እና ምልክቱ ለዚያ ፍጥነት ከሚያስፈልገው በላይ ከረብሻው በስንት ዴሲቤል እንደሚበልጥ የሚያሳየው ትርፍ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው። በዚህ ቤት 6 ዴሲቤል ገደማ ይላል። 6 ደህና ቁጥር ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ሞደሙ ራሱ ነው 6 እንዲሆን የሚያደርገው። መስመሩ ሲቆሽሽ ፍጥነቱን እየቀነሰ ትርፉን ይጠብቃል። ስለዚህ ትርፉ ደህና ሆኖ መስመሩ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ያንን 6 ለማግኘት ስንት ፍጥነት እንደተከፈለ ነው።

ከዚያ የገመዱን መግቢያ ፍለጋ ሆነ። ከምሰሶው የሚመጣው ጥቁር ገመድ ከቆርቆሮው ጠርዝ ስር ይገባል። እዚያ በቀለም የተሸፈነች ትንሽ ሳጥን አለች። ክዳኗ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ሲከፈት የሸረሪት ድርና አቧራ ወረደ። ውስጧ ሁለት ብሎን ብቻ አለ። በሁለቱ ብሎን ላይ የአራት ገመድ ጫፎች ታጭቀዋል። የአንደኛው መዳብ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ በጣቴ ስነካው ተሰበረ። ሌላው ከብሎኑ ጋር እንኳ አልደረሰም፣ አጠገቡ ካለው ሽቦ ጋር በእጅ ተጠማዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ሙጫው ቀልጦ ተንሸራቷል።

አራቱንም ነቀልን። ሞደሙን በአጭር ገመድ እዚያው መግቢያ ላይ አገናኘነው። ልጅቱ በመስኮት ላፕቶፑን ይዛ ትጠብቃለች። ሞደሙ ተስማማ፦ 9.2 ሜጋ ቢት። "ይሄ የኛ ነው?" አለች።

ሥራው ግን እዚህ አያልቅም። የትኛው ገመድ ምን ያህል እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞደሙን እዚያው ትተን ገመዶቹን አንድ በአንድ መለስናቸው፣ በየመሃሉ ሞደሙን አጥፍተን እያበራን። የሳሎኑ ሲገባ 8.1 ሆነ። የመኝታ ቤቱ ሲጨመር 6.9። የሱቁ ሲጨመር በአንድ ጊዜ 3.4 ወረደ። የሰርቪሱ ሲመለስ 2.6። ከሁሉም የከፋው ጫፉ ላይ ምንም ስልክ የሌለበት ገመድ ሆኖ ተገኘ።

ለምን እንዲህ ሆነ

የሰው ድምፅ ከስልክ ሽቦ የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ይበቃዋል። ሽቦው ቢያረጅም በናስትሮ ቢጠቀለልም "ሃሎ" ይሰማል። የዚህ ቤት ኢንተርኔት የሚመጣበት ዘዴ፣ ኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ የሚባለው፣ ግን በዚያው ሽቦ ላይ እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ ይወጣል። ይህን ቦታ እያንዳንዳቸው 4.3125 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ባላቸው 512 ትንንሽ መንገዶች ይከፍለዋል። ሞደሙ እያንዳንዱን መንገድ ይፈትሻል። ንጹህ በሆነው ላይ እስከ 15 ቢት ይጭናል፣ የተረበሸውን ባዶ ይተወዋል። ስለዚህ መጥፎ ሽቦ ኢንተርኔትን አይቆርጠውም፤ ይሸራርፈዋል። ቤተሰቡ ለዓመታት ያላወቀውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ ገመድ። ርዝመቱ 35 ሜትር ገደማ ነው። ከምሰሶው የመጣው ምልክት ሳጥኗ ጋ ሲደርስ ወደ ሞደሙም ወደ ሱቁም ይሄዳል። ሱቁ ጋ መውጫ ያጣና እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣል። ሲመለስ ዘግይቷል፣ ከዋናው ምልክት ጋር ይጋጫል። የገመዱ ርዝመት ከሞገዱ ርዝመት ሩብ ጋር እኩል በሚሆንበት ድግግሞሽ ላይ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፤ እዚያ ጉድጓድ ይፈጠራል። በእንዲህ ዓይነት ገመድ ምልክት በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለ35 ሜትር ሲሰላ ጉድጓዱ 1.4 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። የሞደሙ ገጽ ላይ በየመንገዱ የተጫነውን ቢት የሚያሳይ ሥዕል ነበረ። ልክ እዚያ አካባቢ ተቦርቡሮ ይታያል።

በነገራችን ላይ እንደ ሱቁ ያለ ጫፉ ባዶ የሆነ ገመድ፣ ጅራት እንበለው፣ አጭር ስለሆነ ችግር የለውም ማለት አይደለም። የ10 ሜትር ጅራት ጉድጓዱን 5 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይጥላል። ኤዲኤስኤል እዚያ አይደርስም። እስከ 17 ሜጋ ኸርዝ የሚሄደው ፈጣኑ ዘዴ፣ ቪዲኤስኤል፣ ግን ይገባበታል።

ሁለተኛው ጥፋት የበር ደወል ሽቦው ነው። የስልክ ገመድ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ የሚጠማዘዙት ረብሻ ሁለቱን እኩል እንዲነካና እንዲጣፋ ነው። ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዘዴ ነው፤ እስከዛሬም ይሠራበታል። የደወል ሽቦ ጎን ለጎን ብቻ ነው የሚሄደው። በዚህ ቤት ደግሞ ኮርኒስ ውስጥ ከመብራት መስመር ጋር ተጣብቆ ብዙ ሜትር ይጓዛል። የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ የሚፈጥረውን ብልጭታ ሁሉ ይለቅማል። ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ያለው የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮም ኤዲኤስኤል የሚጠቀምበት ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ያልተጠማዘዘ ሽቦ ለእሱም ጥሩ አንቴና ነው።

ሦስተኛው እናትየው ያዩት ነው። ፊልተር ያለው የሳሎኑ ስልክ ብቻ ነበር። የመኝታ ቤቱ ስልክ ያለ ፊልተር በቀጥታ መስመሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ደወል ሲመጣ ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ይላካል። ስልኩ ሲነሳ ደግሞ 48 ቮልት አካባቢ የነበረው በአንዴ ይወርዳል። ፊልተር ከሌለ ይህ መናወጥ ሞደሙ ጋ ይደርሳል፣ ሞደሙ መስመሩን ጥሎ እንደገና ይጀምራል።

የተሠራው

አዲስ ሶኬት በየክፍሉ መትከል አላስፈለገም። ሐሳቡ አንድ ነው፦ የስልኩንና የኢንተርኔቱን መስመር የሚለያየውን ስፕሊተር ሳሎን ሳይሆን መግቢያው ላይ ማድረግ። ከስፕሊተሩ ሁለት መስመር ይወጣል። አንዱ ለሞደሙ ነው፣ ሌላው ለስልኮቹ። የስልኮቹ መውጫ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ስለሚዘጋ ከዚያ በኋላ ያለው ሽቦ የፈለገውን ያህል ቢያረጅ ኢንተርኔቱን አይነካም። አሮጌው ሽቦ ለድምፅ ይበቃል፣ ስለዚህ የመኝታ ቤቱንና የሳሎኑን እንዳለ ተውነው።

ለሞደሙ አዲስ የኔትወርክ ገመድ ተገዛ፣ ፒያሳ በሜትር ይሸጣል። ከአራቱ ጥንዶች አንዱን፣ ሰማያዊውንና ነጭ በሰማያዊውን፣ ለመስመሩ ተጠቀምን። አስፈላጊው ነገር ከአንድ ጥንድ ሁለቱንም መውሰድ ነው። አንዱን ከሰማያዊ ሌላውን ከብርቱካናማ ከወሰድን መጠማዘዙ ዋጋ የለውም። ገመዱ ከመብራት መስመር እንዲርቅ በሌላኛው የግድግዳ ጎን ወሰድነው፤ መሻገር የግድ በሆነበት ቦታ ቀጥ ባለ መስቀል አሻገርነው። ከሳጥኗ እስከ ሞደሙ መሃል ላይ ምንም ቅጥያ የለውም።

የዛገው ጫፍ ተቆርጦ ንጹህ መዳብ እስኪወጣ ተላጠ። ሳጥኗ ተቀየረች፣ የገመዱ መግቢያ ቀዳዳም ወደ ታች እንዲሆን ተደረገ። የደሴ ጭጋግና ክረምት ወደ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ አይምርም። የሱቁና የሰርቪሱ ገመድ ከነጭራሹ ተነቀለ። አባወራው መጀመሪያ "ሱቁ አንድ ቀን ይከፈት ይሆናል" ብለው ነበር። ሲከፈት ከስልኮቹ መውጫ በኩል ይቀጠላል ብዬ ሳስረዳቸው ተስማሙ።

ሥራው ሰማዩ ሲያጉረመርም አይሠራም። ሽቦው ከውጭ የመጣ ነው፣ መብረቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በደረቅ ቀንም ቢሆን ደወሉ የሚልከው ቮልቴጅ ጣት ያስደነግጣል። ስለዚህ ባዶ ሽቦ ሲያዝ ስልኩ እንዳይጠራ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይደውል ነገርናቸው። እንደ ሁልጊዜው አንድ አክስት ደወሉ።

የተስተካከለው እና ያልተስተካከለው

ሳሎን ላይ መስመሩ 8.9 ሆነ። ፋይል ሲወርድ በሰከንድ አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ይላል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ይህ ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ "10 ሜጋ ገዝቼ 1 ብቻ ያሳየኛል" የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሳል። ስልክ ሲጠራ መቋረጡ ቀረ። በደረቅ ቀን የስልኩ መንኮሻኮሽም አብሮ ጠፋ፣ እሱን ማንም አልጠበቀውም።

10 አልደረሰም፣ አይደርስምም። ከቤቱ እስከ ጣቢያው ያለው መዳብ ርዝመት የሚወስነው ነው። በቤት ሽቦ ሥራ መመለስ የሚቻለው ቤቱ የወሰደውን ብቻ ነው።

ምሽት ላይ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ገጾች አሁንም ይዘገያሉ። በዚያ ሰዓት የሞደሙን ገጽ ስናይ መስመሩ 8.9 እንዳለ ነው። መጨናነቁ ከዚያ ወዲያ ነው፣ ሽቦ ቢቀየር ምንም አያመጣም። ከባድ ዝናብ ሲጥልም ወደ 7 ይወርዳል። መግቢያው ላይ በቀጥታ ስንለካም ያው ስለሆነ ውሃው የሚገባው ከግቢው ውጭ ካለ መገጣጠሚያ ነው። ያ ገመድ የእኛ አይደለም፣ አልነካነውም።

የኋላው መኝታ ቤት ዋይፋይም አልተሻለም። ይህ የዋይፋይ ችግር እንጂ የመስመር አይደለም። አዲሱ ገመድ በቀላሉ ወደ ልጅቱ ክፍል ሊዛወር ይችል ነበር። አባወራው ግን "ዜናዬስ?" አሉ። ማጉያው ወደ ኋላ ተወሰደ። አሁን የሚያጎላው ነገር ስላገኘ ሥራውን ይሠራል።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ኮምቦልቻ ውስጥ ሌላ ቤት ላይ ይህንኑ ቅደም ተከተል ስሞክር ምክንያቱ ሌላ ሆኖ አገኘሁት፤ መግቢያው ላይም ሳሎኑ ላይም እኩል ቀርፋፋ ነበር። ያ ቤት ሽቦ መቀየር አላስፈለገውም። ስለዚህ ከዚህ ጉዳይ የምወስደው "ሽቦ ቀይሩ" የሚለውን አይደለም። መግቢያው ላይ ሁሉንም ነቅሎ መለካት ነው። የመግቢያውና የሳሎኑ ቁጥር ከተራራቀ ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው። እኩል ከሆነ ከውጭ ነው። ይህ ልኬት አንድ አጭር ገመድና አንድ ካቻቢቴ ይፈልጋል፣ ራውተር ከመግዛት በፊት መምጣት አለበት።

የማይሠራበት ገመድ ካለ ስልኩን ማንሳት አይበቃም፤ መነሻው ላይ መነቀል አለበት። ፊልተር የሚደረግ ከሆነ ለሁሉም ስልክ ነው፣ ካልሆነ መግቢያው ላይ አንድ ስፕሊተር። ፋይበር የገባበት ቤት ይህ ሁሉ አይመለከተውም። እዚህ ሰፈር ግን ገና መዳብ ነው።

ለአገልግሎት ሰጪው ሲደወልም "ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው" ብቻ ማለት ሩቅ አይወስድም። ልጅቱ ስለ ዝናቡ ስታመለክት ያለችው ይህን ነው፦ "የቤቱን ሽቦ ሁሉ ነቅለን መግቢያው ላይ ለክተናል። በደረቅ ቀን 9.2፣ በዝናብ 7 ነው። የቤት ስልኩም በዝናብ ይንኮሻኮሻል።" ከነቀኑና ሰዓቱ አስመዘገበች፣ የማመልከቻውን ቁጥርም ማስታወሻዋ ላይ ያዘች። ይህን ስጽፍ ምሰሶው ላይ ያለው መገጣጠሚያ ገና አልታየም።